ሃይብሪድ መኪናን በጎንደር ለረጅም ዓመታት መያዝ፦ ባትሪውን የመንከባከብና ሕመሙን ለይቶ የማወቅ መመሪያ

ሃይብሪድ መኪናውን፣ ማለትም በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን፣ ፒያሳ ዳር ያቆመ ሰው ሳይጠየቅ የማያልፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ባትሪው የሞተ ዕለት ምን ይውጥሃል?» ይሉታል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይጠብቅም፤ ሐዘኑን አስቀድሞ መግለጹ ነው። እኔ በፈረንጆች 2008 የተሠራች ቶዮታ ፕሪየስ ከያዝኩ ስምንተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ባትሪዋ አንድ ጊዜ «ሞቷል» ተብሎ ተፈርዶበት ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያው ባትሪ ዛሬም ከማራኪ አዘዞ እመላለሳለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ሃይብሪድ ያለው ሰው «ሲያረጅ በሌላ እለውጠዋለሁ» የሚለው ሐሳብ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ የያዙትን አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። የሃይብሪድ ባትሪ ዘላለማዊ ባይሆንም፣ በእኔ ግምት በዕድሜው ከሚሞተው ይልቅ አቧራ፣ ሙቀትና ያለ ሥራ መቆም ያለ ዕድሜው የሚገድሉት ይበልጣል፤ ሳይሞት ሞተ የሚባለውም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ወጪ ከማያስወጣው ነገር ተነሥቶ፣ ብዙ ወጪ ወደሚያስወጣው የሚሄድ ነው። ቅደም ተከተሉን አለመገልበጥ ይበጃል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ መኪናዎ ስንት ባትሪ እንዳለው ይወቁ

መኪናው ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወይም ሥር የተቀመጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ሲሆን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ (በፈረንጆች ከ2004 እስከ 2015 ባሉት ሞዴሎች) ላይ 28 ሞጁሎች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። መካኒኮቻችን «ሴል» የሚሉት ይህን ሞጁል ነው፤ በእርግጥ ግን እያንዳንዱ ሞጁል በውስጡ 1.2 ቮልት ያላቸው 6 ሴሎች ስለያዘ 7.2 ቮልት ይሰጣል፣ 28ቱ ሲደመሩም 201.6 ቮልት ይሆናሉ። በፈረንጆች ከ2012 እስከ 2017 በተሠራው ካምሪ ሃይብሪድ ላይ ሞጁሎቹ 34፣ ቮልቴጁም 244.8 ነው። የእነዚህ ሁሉ ዓይነት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይባላል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ሊቲየም ስላለ፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከባትሪው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የመለዋወጫው ጉዳይ በዚህ ይለያያልና።

ትንሹ ማንኛውም መኪና ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ነገር ግን ሥራው ከሌላው መኪና ይለያል። በቶዮታ ሃይብሪዶች ላይ ሞተሪኖም ዲናሞም የለም፤ የነዳጁን ሞተር የሚያዞረው ትልቁ ባትሪ ነው፣ ትንሹን ባትሪ የሚሞላውም የትልቁ ባትሪ ኃይል ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ተቀይሮ ነው። ትንሹ ባትሪ ኮምፒውተሮቹን ቀስቅሶ ትልቁን የሚያገናኘውን ማብሪያ ይከፍታል፤ እርሱ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነሣም። በቀበቶ የሚዞር ትንሽ ረዳት ሞተር ብቻ ያላቸው፣ ሃይብሪድ ተብለው የሚሸጡ መኪኖችም አሉ፤ ይህ መመሪያ እነርሱን አይመለከትም።

ሁለተኛው፦ ደብተር ይያዙ

ቤንዚን በሞሉ ቁጥር የተጓዙትን ኪሎ ሜትርና የቀዱትን ሊትር ይጻፉ። ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ጤነኛ ሲሆን ለ100 ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር ብዙም ያልበለጠ ይበቃዋል፤ የጎንደር ዳገት ጥቂት ይጨምርበታል። የጎማው ነፋስ ልክ ሆኖ፣ መንገዱም ያው ሆኖ ፍጆታው በየወሩ እያደገ ከሄደ፣ መብራት ሳይበራ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ሌላው ምልክት በዳሽቦርዱ ስክሪን ላይ የሚታየው የባትሪ መጠን ነው፤ 8 መስመሮች ያሉት ሥዕል በደቂቃዎች ውስጥ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ሞጁሎቹ ኃይል የመያዝ አቅማቸውን እያጡ ነው ማለት ነው። ይህንንም ከቀኑ ጋር ይጻፉት።

ሦስተኛው፦ ባትሪው የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ያጽዱ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ተሳፋሪው በሚተነፍሰው አየር ነው። በፕሪየስ ከኋላ ወንበር መደገፊያ ጎን፣ በያሪስና በመሰሎቹ ከኋላ መቀመጫ ሥር አንድ ወንፊት መሰል ጥቁር ክዳን አለ፤ ከዚያ የሚገባውን አየር ማራገቢያ ስቦ በሞጁሎቹ መካከል ያሳልፈዋል። ቀዳዳው ከተዘጋ ባትሪው በራሱ ሙቀት ይታፈናል፤ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ የሚሠራ ኒኬል ባትሪ እርጅናው ይፈጥናል። መካከል ያሉት ሞጁሎች ከዳር ካሉት ይልቅ ስለሚሞቁም መጀመሪያ የሚደክሙት እነርሱ ናቸው።

የእኔን ልናገር። በአንድ ሚያዝያ ከማክሰኝት ሁለት ከረጢት ነጭ ሽንኩርት ከኋላ ወንበር ላይ ጭኜ፣ እንዳያቆሽሽ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጌ ስመለስ፣ ከተማዋ ልትታየኝ ስትል ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። የጋቢው ጫፍ ወንፊቱን እንደ ክዳን ሸፍኖት ነበር። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ መሣሪያውን ሰክቶ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብቦ፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይቀየር አለኝ፤ ማራገቢያውን ግን አልከፈተውም። ጎንደር ተመልሼ እዚህ ማራኪ ያለ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ማራገቢያውን ፈትቶ ሲያወጣው፣ በክንፎቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ሱፍ በመሰለ ግራጫ አቧራና በጋቢ ክር ተጠቅጥቆ የወፍ ጎጆ መስሎ ነበር። በስንጥር እየለቀመ ሲያወጣው ግማሽ እፍኝ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢ አይቀመጥም፤ እናቴም ብትሆን ጋቢዋን ለብሳው ትቀመጣለች እንጂ ወንፊቱ ላይ አትጥለውም።

ጽዳቱ በዚህ መልክ ይከናወናል። መኪናውን አጥፍተው ቁልፉን ከመኪናው ያርቁ፤ የትንሹን ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። የወንፊቱ ክዳን በፕላስቲክ ጥርሶች የተያዘ ስለሆነ በማለዳ ብርድ ሲፈታ ይሰበራል፤ ፀሐይ ጥቂት ካሞቀችው በኋላ በእጅ ቀስ አድርገው ይሳቡት። አቧራውን በመምጠጫ ማሽን ይምጠጡ፣ የቀረውን በንጹሕ የቀለም ብሩሽ ያራግፉ። ማራገቢያው ራሱ ከቆሸሸ በጥቂት ብሎኖችና በአንድ ሶኬት ብቻ የተያዘ ነው፤ ፈትቶ ማጽዳት ልምድ ላለው ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ ቢያዩ አይንኩት፤ ብርቱካንማ ማለት ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ማለት ነው። ውኃ በፍጹም አይጠቀሙ። ጎሚስታ ቤት ባለው የአየር መሣሪያ ወደ ውስጥ ማስነፋትም አቧራውን ወደ ሞጁሎቹ መካከል መስደድ ነውና ይቅርብዎ። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ከክዳኑ ጀርባ ስስ የአቧራ ማጣሪያ አለ፤ በሌሉበት ላይ ደግሞ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ወትፎ «ማጣሪያ ሠራሁለት» ማለት ማነቅ ነው።

አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ የበጋው አቧራ ሲያበቃና ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ማጽዳቱ ይበቃል፤ የጠጠር መንገድ የሚያበዛ ግን በየስድስት ወሩ ያድርገው።

አራተኛው፦ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱንና ቆላውን በአግባቡ ይንዱ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቀጭን አየር የሚስበው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የጎደለውን የሚሞላው የኤሌክትሪኩ ሞተር ነው። በረጅም ዳገት ላይ ነዳጁን ረግጦ መያዝ ባትሪውን አራቁቶ ማሞቅ ስለሆነ፣ ፍጥነትን ጥቂት ቀንሶ በእኩል ርግጫ መውጣት ይሻላል። ኮምፒውተሩ ባትሪውን በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ስለሚጠብቀው መጠኑ ዝቅ ብሎ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ዝቅ ካለ በኋላ አለመመለሱ ነው።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወርዱ ከፍታው ከሺህ ሜትር በላይ ስለሚወድቅ፣ ባትሪው ገና በመጀመሪያዎቹ ጥምዝማዞች ላይ ጢም ብሎ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ፍሬን ሲይዙ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «ቢ» ያዛውሩት፤ የነዳጁ ሞተር ያለ ነዳጅ እየዞረ መኪናውን ይይዘዋል። ሞተሩ በድንገት ሲጮህ ብዙ ሰው ደንግጦ ይቆማል፤ ጩኸቱ ብልሽት አይደለም። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ወደ «ዲ» ይመልሱት፤ በ«ቢ» ሜዳ ላይ መንዳት ነዳጅ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ወደ መተማ በኩል ወደ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ የመኪናው ማቀዝቀዣ ለባትሪውም እንደሆነ አይርሱ። ባትሪው የሚስበው የተሳፋሪውን አየር ስለሆነ፣ መስኮት ከፍቶ ትኩስ ነፋስና አቧራ ከማስገባት ይልቅ መስኮት ዘግቶ ኤሲ መክፈት ያድነዋል። በፀሐይ ሲንቃቃ የዋለ መኪና ውስጥ ሲገቡ በሮቹን ከፍተው ሙቀቱ እስኪወጣ ጥቂት ይታገሡ።

አምስተኛው፦ መኪናው ሲቆምና ማደያ ሲሰለፉ

መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ መኪና ለሳምንታት ግቢ ውስጥ ይቆማል። ቶዮታ በመጽሐፉ ላይ የሚመክረው ትልቁ ባትሪ እንዳይራቆት በየሁለትና ሦስት ወሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ ወይም 16 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ነው። ትንሹ ባትሪ ግን ይህን ያህል አይታገሥም፤ ስለዚህ እኔ በየሁለት ሳምንቱ «ሬዲ» የሚለው መብራት እስኪበራ አስነሥቼ በ«ፒ» ላይ ግማሽ ሰዓት አቆያታለሁ። ኮምፒውተሩ ባስፈለገው ጊዜ የነዳጁን ሞተር ራሱ ያስነሣዋል።

በማደያ ሰልፍ ላይ ግን ሁለት ስሕተቶች ተደጋግመው ይፈጸማሉ። አንዱ መኪናውን በ«ኤን» አድርጎ ሬዲዮና ኤሲ ከፍቶ መቀመጥ ነው፤ በ«ኤን» ላይ ሞተሩ ባትሪውን መሙላት ስለማይችል ኃይሉ ዝም ብሎ ይወርዳል። «ፒ» ላይ ያድርጉት፣ ወይም ያጥፉት። ሁለተኛውና የከፋው ቤንዚን አልቆ እያለ «በባትሪ እስከ ማደያው ይደርሳል» ብሎ መንዳት ነው። ሞተሪኖ ስለሌለ፣ ትልቁ ባትሪ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ቤንዚን ቢቀዱለትም ሞተሩን የሚያዞር ኃይል አይኖርም፤ ከሌላ መኪና በገመድ ኃይል መበደርም የሚረዳው ትንሹን ባትሪ ብቻ ነው። እንዲህ የተራቆተ ባትሪ ልዩ ቻርጀር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ካለቀ መኪናውን አቁመው በጄሪካን ቢያስመጡ ይሻላል። መጎተት ግድ ከሆነም የሚነዱት የፊት ጎማዎች ከመሬት መነሣት አለባቸው፤ መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተቱ ውስጥ ያለው ሞተር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ስድስተኛው፦ መብራቱ ሲበራ በቅደም ተከተል ይመርምሩ

ባትሪ ከመግዛት አስቀድሞ በቴስተር ትንሹን ባትሪ ይለኩ። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ11.8 በታች ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው እርሱን ያስተካክሉ። መኪናው «ሬዲ» ሲሆን ደግሞ 14 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። የደከመ ትንሽ ባትሪ ዳሽቦርዱን በመብራት ሞልቶ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ኮዶችን አውጥቶ ሰውን ያሳስታል። ኃይል ሲበደሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማገለባበጥ ዋናውን ፊውዝ፣ አንዳንዴም ውዱን የኃይል መቀየሪያ ያቃጥላልና በችኮላ አይሥሩ፤ ለሌላ መኪናም ከሃይብሪድዎ አያበድሩ፤ ባልንጀራ ቢቀየምም።

ቀጥሎ ኮዱን ያስነብቡ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ካለዎት በራስዎ ማየት ይችላሉ። ፒ0ኤ80 የሚለው ኮድ «የሃይብሪድ ባትሪው ይቀየር» የሚል ትርጉም ስላለው ብዙ ጋራዥ ከዚህ በኋላ አይመረምርም። በፕሪየስ ላይ ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ያሉት ኮዶች ደግሞ ከ14ቱ ጥንድ ሞጁሎች የትኛው እንደደከመ ይጠቁማሉ። ኮድ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በጭነት ላይ፣ ማለትም ባትሪው ብዙ ኃይል እየሰጠ ሳለ፣ በሚደረግ ልኬት ነው።

ልኬቱም እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ስልኩን ይያዝ፤ የሚነዳው ሰው ስልክ እንዳያይ። ወደ ጎሃ ተራራ የሚያወጣውን ዳገት ነዳጅ ጠበቅ አድርገው እየወጡ የ14ቱን ጥንዶች ቮልቴጅ ያወዳድሩ። ሁሉም አብረው ወርደው አብረው ከተመለሱና ልዩነታቸው ጥቂት የቮልት አሥረኛ ብቻ ከሆነ ባትሪው ደኅና ነው። አንዱ ጥንድ ብቻ ከሌሎቹ አንድ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ በውስጡ ያለ አንድ ሴል ሞቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁሉም ተራርቀው ከተበታተኑ ግን ያረጀው ባትሪው በሙሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሞጁሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙት የመዳብ ሰሌዳዎች በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ሲይዙ፣ ጤነኛውን ሞጁል ኮምፒውተሩ ደካማ አድርጎ ያነበዋል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ የክረምት ዝናብ በኋላ በር ላስቲክ የሚሰርግበት መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰሌዳዎቹን ማጽዳት ባትሪውን መክፈት ስለሚጠይቅ ይህ የባለቤት ሥራ አይደለም። ለሚሠራልዎ ሰው ግን ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ብርቱካንማውን የአገልግሎት መሰኪያ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ማስገባቱን፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቁን፣ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት ማድረጉን። በተራ የጎማ ጓንት «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይመለሱ። ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ነፍስ አለበት። ብሎኖቹም ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ብቻ ስለሚፈልጉ በልክ ቁልፍ እንጂ በክንድ ጉልበት አይጠበቁም፤ በጉልበት ሲጠብቁ የሞጁሉ ጥርስ ይነቀላል።

ሰባተኛው፦ በእርግጥ ከደከመ

አንድ ሞጁል ብቻ መቀየር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ስለማይመጣጠን ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው እየተከተለ ይወድቃል። መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ላሰበ ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ለዓመታት ለሚይዝ ሰው አልመክረውም። ሞጁሉ የግድ ከተቀየረም አቅሙ ተለክቶ ከቀሩት ጋር የሚቀራረብ ይፈለግ።

ከአደጋ መኪና የወጣ ያገለገለ ሙሉ ባትሪ ሲገዙ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መጋዘን ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ይጠይቁ። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተኛ ኒኬል ባትሪ ትናንት ከሚሄድ መኪና ከወጣው የባሰ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ መጥቶ ከማይሠራ፣ እዚያው መኪና ላይ ተገጥሞ በዳገት ሲለካ በቪዲዮ ማየትዎን ከክፍያ በፊት ያረጋግጡ። ባትሪው ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስለሆነ ሲጫን ቆሞ እንዲሄድና ሌላ ዕቃ እንዳይጫንበት ያስጠንቅቁ።

አዲስ ባትሪ ምርጡ ነው፤ ዋጋው ግን በአንድ ወር ደመወዝ የሚከፈል አይደለም። እኔ መብራቱ እስኪበራ አልጠበቅሁም፤ በሰፈራችን ዕቁብ ላይ አንድ ዕጣ «የባትሪ» ብዬ ይዣለሁ፤ ዳኛው በየጊዜው ይስቅብኛል፣ ገንዘቡ ግን ይጠራቀማል።

አዲሱ ወይም የተጠገነው ባትሪ ከተገጠመ በኋላ ኮዱን አስጠፍተው ወዲያው አይርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከከተማ ሳይርቁ ይንዱ፣ በጎሃ ዳገት ላይ ያንኑ ልኬት ይድገሙት፣ ማራገቢያው ሲዞር ድምፁን ያዳምጡ፤ የ14ቱን ጥንዶች ቁጥር ደግሞ ከቀኑ ጋር በደብተሩ ላይ ያስፍሩ። በሚቀጥለው ግንቦት ወንፊቱን ሲያጸዱ የሚያወዳድሩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።